ስለ ጥንት ሮማውያን የሚጻፍ ልብ ወለድ ታሪክና የእውነት ወሰን

ታሪክ ጸሐፊ ያየውን ወይም ከምስክር የተቀበለውን ይጽፋል፤ የልብ ወለድ ደራሲ ግን ማንም ያላየውን፣ በሰው ልብ ውስጥ ተሰውሮ የቀረውን ነገር ይጽፋል። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ መጽሐፍ ሲገናኙ ልብ ወለድ ታሪክ ይባላል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ደረቁን ዜና መዋዕል ሥጋና ደም አልብሶ ስለሚያቀርበው አንባቢ ይወደዋል። ነገር ግን አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ ሲነሣ ከታሪክ የተቀዳውንና ከደራሲው ልብ የፈለቀውን መለየት ካልቻለ፣ ዕውቀት ያገኘ እየመሰለው ስሕተት ተሸክሞ ይሄዳል። ስለዚህ ልብ ወለድ ታሪክን የሚመረምር ሰው የቋንቋውን ማማርና የነገሩን አካሄድ ብቻ ሳይሆን፣ ደራሲው መልስ መስጠት በማይችሉት ሙታን ላይ የፈረደው ፍርድ የቀና መሆኑንም ሊጠይቅ ይገባዋል።

ይህ ጥያቄ እጅግ የሚጠነክረው ስለ ጥንት ሮማውያን በተጻፉት ልብ ወለዶች ነው። የሮም ነገሥታት ታሪክ በብዛት የተጻፈው እነርሱ ከሞቱ በኋላ፣ በሚጠሏቸው ወይም የተከታዩን ንጉሥ ፊት በሚያዩ ሰዎች እጅ ነው። ስለ ኔሮን ቄሣር ዋነኞቹ ምስክሮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ታኪቶስ፣ ስዌቶንዮስና ዲዮን ካስዮስ ናቸው። የሮም ከተማ በ64 ዓ.ም. ስትቃጠል ታኪቶስ ገና ሕፃን ነበረ፤ መጽሐፉንም የጻፈው ከዚያ 50 ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። ስዌቶንዮስ ያን ጊዜ አልተወለደም ነበር፤ ዲዮን ደግሞ ከ100 ዓመት በላይ ዘግይቶ የጻፈ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

እንግዲህ ደራሲው ከእነዚህ ምስክሮች ዘንድ ሁለት ነገር ያገኛል፤ አንደኛው ዝምታ ነው፣ ሁለተኛውም ጥርጥር ነው። ዝምታ የሚባለው ምስክሩ ጭራሽ ያልተናገረው ነው። ጥርጥር የሚባለው ግን ምስክሩ ራሱ «እንዲህም ይባላል፣ እንዲያም ይባላል» ብሎ ሳይፈርድ ያለፈው ነው። ሁለቱ የሚመሳሰሉ ቢመስሉም እጅግ የተለያዩ ናቸው። ዝምታን በጥበብና በመጠን መሙላት የደራሲ መብት ነው። ጥርጥርን ሽሮ በቦታው እርግጠኛ ፍርድ መትከል ግን ዳኛ ሳይሆኑ መፍረድ፣ ሳያዩም መመስከር ነው። በአማርኛ «ሙት ወቃሽ አያድርገን» መባሉም ከዚህ ያለውን ፈተና አይቶ ነው።

ለዚህ ነገር ዋነኛ ምሳሌ ሊሆን የሚችለው ፖላንዳዊው ሄንሪክ ሼንኪዬቪች የጻፈው «ኩኦ ቫዲስ» የተባለው መጽሐፍ ነው፤ ትርጓሜውም «ወዴት ትሄዳለህ» ማለት ነው። መጽሐፉ ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ በዋርሶ በሚታተም ጋዜጣ በየጊዜው እየተከፋፈለ ወጣ፤ በ1896 ዓ.ም. በመጽሐፍ መልክ ታተመ፤ ከዚያም ከ50 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተረጐመ። ደራሲው በ1905 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። የመጽሐፉ ስም የመጣው ከሁለተኛው መቶ ዓመት በኋላ ሲወራረስ ከኖረው ትረካ ነው፤ ይኸውም ሐዋርያው ጴጥሮስ ከስደቱ ሸሽቶ ከሮም ሲወጣ ጌታን በመንገድ አግኝቶ የጠየቀው ጥያቄ ነው።

የመጽሐፉ ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። ማርቆስ ቪኒክዮስ የተባለ ወጣት የሮም መኰንን፣ በመያዣነት ወደ ሮም መጥታ በአውሎስ ፕላውትዮስ ቤት ያደገችውን ሊጊያ የተባለች የንጉሥ ልጅ ይወዳል። እርስዋ ክርስቲያን ናት፤ እርሱ ግን ፍቅርን ከመግዛትና ከመንጠቅ ለይቶ አያውቅም። አጐቱ ፔትሮንዮስ የኔሮን ባለሟል ስለ ሆነ ልጅቱን በቤተ መንግሥት ትእዛዝ ሊያስጠለት ይሞክራል፤ እርስዋ ትሰወራለች። ቪኒክዮስ ሲፈልጋት ክርስቲያኖችን ያገኛል፤ ቀስ በቀስም ልቡ ይለወጣል። ከዚህ በኋላ ሮም ትቃጠላለች፤ ክርስቲያኖች ይከሰሳሉ፤ በአደባባይም ለአራዊትና ለእሳት ይሰጣሉ። ሊጊያ በጐሽ ቀንድ ላይ ታስራ ስትቀርብ አገልጋይዋ ኡርሱስ የጐሹን አንገት ጠምዝዞ ይጥለዋል፤ ሕዝቡም ምሕረት ይለምንላታል።

ደራሲው ዝምታን እንዴት እንደ ሞላ ለማየት በመጀመሪያ ፖምፖንያ ግራኪናን መመልከት ይጠቅማል። ይህች ሴት በእውነት የነበረች የአውሎስ ፕላውትዮስ ሚስት ናት። ታኪቶስ እንደ ጻፈው በ57 ዓ.ም. «የባዕድ አምልኮ ይዛለች» ተብላ ተከሰሰች፤ እንደ ጥንቱ ሥርዐት ባልዋ በዘመዶች ፊት መርምሮ ንጹሕ ናት ሲል ፈረደላት፤ እርስዋም በሐዘን ልብስ ረዥም ዕድሜ ኖረች። አምልኮው ምን እንደ ሆነ ታኪቶስ አልተናገረም። ሼንኪዬቪች ክርስትና ነው ብሎ ወሰደው፤ በዚህም ላይ ጸጥ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ቤት ሠራ። በዚህ ማንም አልተበደለም፤ የአንዲት ሴት የሐዘን ልብስ በሁለት መስመር ተጽፎ ከቀረበት ወጥቶ ሕይወት አገኘ እንጂ።

ሁለተኛው ፔትሮንዮስ ነው። ታኪቶስ ስለ እርሱ የጻፈው ከሁለት ምዕራፍ አይበልጥም። ቀን የሚተኛ፣ ሌሊት የሚሠራና የሚጫወት፣ በሥራው ስንፍና የሚታይበት የሚመስል፣ ነገር ግን በቢታንያ አገረ ገዥ በሆነ ጊዜ ትጋቱ የታየ ሰው ነበረ። ኔሮን ያማረውን ካላማረው የሚለየው በእርሱ ፍርድ ነበረ። በ66 ዓ.ም. ቲጌሊኖስ በቅንዓት ካጣላው በኋላ በኩማይ ከተማ ደም ሥሩን አስከፍቶ፣ መልሶም አሳስሮ፣ ከወዳጆቹ ጋራ እየተጫወተ ቀስ ብሎ ሞተ። ከመሞቱም በፊት የኔሮንን ርኵሰት ዘርዝሮ ጻፈ፤ አትሞም ለራሱ ለኔሮን ላከው፤ ማኅተሙን ግን ሌላ ሰው እንዳይጠፋበት ሰበረው። የጽሑፉ ቃል ለእኛ ዘመን አልደረሰም።

ሼንኪዬቪች ይህን የጠፋ ደብዳቤ ራሱ ጻፈው። በእርሱ ድርሰት ፔትሮንዮስ ንጉሡን እናቱንና ሚስቱን ስለ ገደለ፣ ከተማውንም ስላቃጠለ አይወቅሰውም፤ ይህን ሁሉ ይታገሥለትና መጥፎ ግጥሙንና መጥፎ ዘፈኑን ግን ይቅር ሊለው እንዳልቻለ ይነግረዋል። ላይ ላዩን ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን የጠለቀ ፍርድ በውስጡ አለበት፤ ፍርዱም በኔሮን ላይ ብቻ ሳይሆን በራሱ በፔትሮንዮስ ላይ ነው። ይህ ብልህ፣ ደፋርና ለወዳጆቹ ታማኝ የሆነ ሰው ከነፍስ መግደል ይልቅ ያላማረ ግጥም የሚያስቀይመው ሆኖ ይሞታል። ደራሲው አልሰደበውም፤ አልሰበከበትምም፤ ራሱ እንዲናገር ብቻ ለቀቀው። በመጽሐፉ ካሉት ሰዎች ሁሉ በአንባቢ ልብ ቀርቶ የሚኖር አረማዊው ፔትሮንዮስ መሆኑ ለደራሲው ክብር ነው፤ ለተቃራኒው ነፍስ ያልነፈገ ደራሲ ነውና።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የኪሎን ነገር ነው። ኪሎን በታሪክ የማይታወቅ፣ ፈጽሞ ከደራሲው ልብ የተወለደ ግሪካዊ ነው፤ ፈላስፋ ነኝ ይላል፣ ሥራው ግን ስለላና ማታለል ነው። ግላውኮስ የተባለውን ክርስቲያን ሐኪም አስቀድሞ ቤተ ሰቡን ለሻጮች አሳልፎ ሰጥቶበታል፤ ግላውኮስም ይቅር ብሎታል። ኪሎን ግን ይህን ይቅርታ ረግጦ ክርስቲያኖችን ሁሉ ለቲጌሊኖስ ያስይዛል። በኔሮን የአትክልት ስፍራ ክርስቲያኖች በእንጨት ላይ ታስረው እንደ መብራት ሲቃጠሉ፣ ኪሎን በእሳቱ ውስጥ ግላውኮስን ያየዋል፤ ዳግመኛም ይቅርታ ይለምነዋል፤ ያገኛልም። ያን ጊዜ ኪሎን ወደ ንጉሡ ዘወር ብሎ «ያቃጠለ እርሱ ነው» ብሎ በሕዝብ ፊት ይጮኻል፤ በዚህም ምላሱ ተቈርጦ በመስቀል ይሞታል።

ይህ ፈጠራ ከየት እንደ መጣ ማስተዋል ያስፈልጋል። ታኪቶስ የክርስቲያኖችን ቅጣት ከዘረዘረ በኋላ በመጨረሻ ሕዝቡ ሳይቀር እንደ ራራላቸው ጽፏል። ይህ ርኅራኄ በማን ልብ፣ በምን ሰዓት፣ በምን ምክንያት እንደ ተነሣ ግን አልተናገረም። ሼንኪዬቪች ያን የሕዝብ ርኅራኄ ወስዶ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አሳየው፤ ያውም ለርኅራኄ ፈጽሞ የማይታሰብ በነበረው ሰው ልብ። ዝምታን መሙላት ማለት ይህ ነው፤ ታሪኩ የተወውን ቦታ ታሪኩ ካመለከተው አቅጣጫ ሳይወጡ መሙላት።

በጥርጥር ላይ ግን ደራሲው እንዲህ አልተጠነቀቀም። ስለ ቃጠሎው ታኪቶስ በድንገት ይሁን በንጉሡ ተንኰል እንዳልተረጋገጠ፣ ጸሐፊዎችም ሁለቱንም እንደ ጻፉ አስቀድሞ ይናገራል። እሳቱ ሲነሣ ኔሮን በሮም አልነበረም፤ በአንቲዩም ከተማ ነበረ። ተመልሶም ቤት ለጠፋባቸው የአትክልት ስፍራውን ከፍቶ መጠለያ አሠራ፤ የእህሉንም ዋጋ አስቀነሰ። ከ14ቱ የከተማ ክፍሎች ሳይነኩ የቀሩት 4 ብቻ ነበሩ፤ 3ቱ ፈጽመው ጠፉ፤ 7ቱም ከጥቂት ፍርስራሽ በቀር አልተረፈባቸውም። ኔሮን የትሮያን መቃጠል ዘፈነ የሚለውን ታኪቶስ እንደ ወሬ ብቻ ያነሣዋል። ስዌቶንዮስና ዲዮን ግን ያቃጠለው ኔሮን ነው ብለው ይቈርጣሉ። ሼንኪዬቪች የኋለኞቹን ተከተለ፤ በመጽሐፉ ኔሮን የሚቃጠል ከተማ አይቶ መግጠም ስለ ፈለገ ሮም ተቃጠለች። የታኪቶስ ጥርጥር አንባቢው ሳያውቅ ከመካከል ጠፋ።

ከዚህም የከፋ አለ። በመጽሐፉ ኔሮን ወንጀሉን የሚጥልበት ሰው ሲፈልግ፣ ሁለት የአይሁድ መምህራን በቤተ መንግሥት ቀርበው ክርስቲያኖችን የሰው ልጅ ጠላቶች ናቸው ብለው ሲከሱ ይታያሉ። ታኪቶስ ስለ እንዲህ ያለ ክስ አንዲት ቃል አልጻፈም፤ ስዌቶንዮስና ዲዮንም አልጻፉም። ይህም ቦታ ዝምታ ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን ዝምታ ሁሉ በአንድ ዐይነት አይሞላም። ለፖምፖንያ እምነት መስጠት አንዲት ሙት ማክበር ነው፤ በአንድ ሕዝብ ስም ሐሰተኛ ከሳሽ መፍጠር ግን ልጆቹ በሕይወት ባሉ ሕዝብ ላይ ነው። በዋርሶ ከተማ በ1881 ዓ.ም. በልደት በዓል ሰሞን የአይሁድ ቤትና ሱቅ በአመፀኞች ተዘርፎ ነበረ፤ መጽሐፉ በዚያችው ከተማ ጋዜጣ መውጣት ሲጀምር ከዚያ ወዲህ 15 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ይቅርታን በኪሎን ታሪክ እንዲህ አድርጎ የጻፈ ብዕር በዚህ ቦታ መሳቱ ያሳዝናል።

ምናልባት «ልብ ወለድ የፍርድ ቤት መዝገብ አይደለምና ደራሲው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው» የሚል ይኖራል። ይህ አነጋገር ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን መምረጥ ያለባቸው በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች እንጂ ነገሩን የሚተርከው ደራሲ አይደለም። ቤቱ የተቃጠለበት ሮማዊ «ኔሮን አቃጠለን» ብሎ ይጩኽ፤ ቪኒክዮስ ከአንቲዩም በፈረስ ሲጋልብ ይጠርጥር፤ ኪሎን በመስቀል ፊት ይክሰስ፤ ይህ ሁሉ የተገባ ነው። ደራሲው ራሱ ከበላይ ሆኖ መጋረጃውን ገልጦ ወንጀሉን ባያሳይ ኖሮ አንባቢው ከሕዝቡ ጋራ አብሮ በጥርጥር ይጨነቅ ነበር፤ መጽሐፉም በእውነትም በጥበብም ይበልጥ ይጠነክር ነበር።

ሌላው ጕድለት በክርስቲያኖቹ ሥዕል ላይ ያለው ነው። ሊጊያ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ንጽሕት ናት፤ ነገር ግን የልብ ትግል ብዙ አይታይባትም። ሐዋርያቱም ሲናገሩ ሕያው ሰው ሳይሆኑ በግድግዳ ላይ የተሣለ ሥዕል የሚናገር ይመስላል። ከዚህ የሚለየው ክሪስፖስ የተባለው ሽማግሌ ነው፤ ለሞት በቀረቡት ወንድሞቹ ፊት ስለ ቍጣና ስለ ፍርድ ብቻ ሲሰብክ፣ ጳውሎስ መጥቶ ይገሥጸዋል፤ የሚሞቱትንም ያጽናናል። በዚህ ስፍራ ደራሲው እምነት ያላቸው ሰዎችም እርስ በርሳቸው እንደሚለያዩ አሳይቷል፤ እንዲህ ያለው ስፍራ ቢበዛ መልካም በሆነ ነበር።

መጽሐፉ ስለ ምን እንዲህ ሙቀት አገኘ የሚለውም ሊታሰብ ይገባል። ደራሲው ሲጽፍ ፖላንድ በካርታ ላይ አልነበረችም፤ ከ1795 እስከ 1918 ዓ.ም. በሩስያ፣ በፕሩስያና በኦስትርያ ተከፋፍላ ትገዛ ነበር። የሊጊ ሕዝብ ደግሞ ጥንት በዚያው ምድር እንደ ኖሩ ይታሰባል። ስለዚህ የፖላንድ አንባቢ በጐሹ ቀንድ ላይ የታሰረችውን ልጅ ሲያይ አገሩን አየ። የራስን ዘመን ሥቃይ በጥንት ታሪክ መናገር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ልብ ወለድ ታሪክ ከሙዚየም ዕቃ የሚለየው በዚህ ነው።

የሙዚየም ዕቃ ምን እንደሚመስል ለማየት እንግሊዛዊው ቡልወር ሊተን በ1834 ዓ.ም. ያሳተመውን «የፖምፔ የመጨረሻ ቀኖች» መመልከት ይበቃል። ፖምፔ በ79 ዓ.ም. በቬሱቭዮስ እሳተ ገሞራ የተቀበረች፣ ከ1748 ዓ.ም. ጀምሮ የተቈፈረች ከተማ ናት። ደራሲው ለዋናው ሰው የሰጠው ቤት በእውነት ተቈፍሮ የተገኘ ቤት ነው። ነገር ግን ቤቱ ከባለቤቱ ይልቅ ሕያው ሆኗል፤ ድንጋዩ ይታያል፣ ሰው ግን አይታይም።

በሌላው ወገን ሮበርት ግሬቭስ በ1934 ዓ.ም. «እኔ ቀላውዴዎስ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። ስዌቶንዮስ ቄሣር ቀላውዴዎስ የራሱን ሕይወት በ8 መጻሕፍት እንደ ጻፈ ይናገራል፤ መጻሕፍቱ ግን ጠፍተዋል። ግሬቭስ ያን የጠፋ መጽሐፍ ራሱ ጻፈው፤ ይህ ዝምታን የመሙላት ድንቅ ሐሳብ ነው። የተንተባተበው፣ ሁሉ የናቀው ሰው ከሁሉ ይልቅ አስተዋይ ሆኖ ይናገራል። ሆኖም የአውግስጦስን ሚስት ሊቪያን በተመለከተ እንደ ሼንኪዬቪች ያለ ስሕተት አለበት። ታኪቶስ አውግስጦስ በ14 ዓ.ም. ሲሞት አንዳንዶች ሚስቱን እንደ ጠረጠሩ ብቻ ያነሣል፤ ዲዮንም የመርዙን በለስ ነገር በወሬ ይጠቅሳል። ግሬቭስ ግን ሊቪያ ራስዋ ለቀላውዴዎስ እንድትናዘዝ አደረገ። ከዚያ በኋላ፣ ይልቁንም ታሪኩ በ1976 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ ወዲህ፣ የሊቪያ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው መርዝ ነው። የጥቂቶች ሐሜት የነበረው የዓለም ፍርድ ሆነ።

ከዚህ የተሻለውን መንገድ ያሳየችው በ1951 ዓ.ም. «የሐድርያኖስ ማስታወሻ» የተባለውን መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ያሳተመችው ማርጌሪት ዩርስናር ናት። እርስዋም ሙት ንጉሥን ስለ ራሱ አናገረችው። ነገር ግን በመጽሐፉ መጨረሻ ከየትኛው ምንጭ እንደ ቀዳችና በየትኛው ስፍራ ከራስዋ እንደ ጨመረች ለይታ ጻፈች። ይህ ማስታወሻ የመጽሐፉን ውበት አልቀነሰውም፤ አንባቢው ደራሲዋን እንዲያምናት አደረገው እንጂ።

የግእዝን መጻሕፍት ለሚያውቅ አንባቢ የሮም ነገር እንግዳ አይደለም። የኒቅዮስ ኤጲስ ቆጶስ የዮሐንስ ዜና መዋዕል ስለ ሮም ቄሣሮች ይናገራል፤ ይህም መጽሐፍ ዛሬ ተጠብቆ የሚገኘው በግእዝ ትርጕም ብቻ ነው። «ዜና አይሁድ» የሚባለውም ሮማውያን ኢየሩሳሌምን እንዴት እንዳጠፉ ይተርካል። ስለዚህ በአማርኛ ስለ ሮማውያን ልብ ወለድ ሊጽፍ የሚነሣ ደራሲ ቢኖር ምንጭ አጣሁ አይልም። የሚያስፈልገው ምንጩ ዝም ያለበትንና የተጠራጠረበትን ስፍራ ለይቶ፣ በመጀመሪያው ላይ በድፍረት፣ በሁለተኛው ላይ በፍርሃት መጻፍ ነው። አንባቢም «ኩኦ ቫዲስን» ሲያነብ የታኪቶስን 15ኛና 16ኛ መጽሐፍ አጠገቡ ቢያኖር ደስታው ይበዛል እንጂ አይጐድልም።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ታኪቶስ ክርስቲያኖችን አይወድም ነበር፤ እምነታቸውንም ክፉ አጕል እምነት ብሎ ጠርቶታል። ይሁን እንጂ የቃጠሎው በደል ያለ ጥፋታቸው እንደ ተጫነባቸው ጽፏል፤ ሕዝቡ እንደ ራራላቸውም አልደበቀም። ኔሮንንም አይወደውም ነበር፤ ነገር ግን ያላረጋገጠውን ወንጀል አረጋግጫለሁ አላለበትም። በሁለቱም ወገን ጠላት የነበረ ሰው ይህን ያህል መጠን ከጠበቀ፣ ከሁለት ሺሕ ዓመት ያህል በኋላ በጸጥታ ተቀምጦ የሚጽፍ ደራሲ ከእርሱ ያነሰ ጥንቃቄ ቢያደርግ ምን ምክንያት ሊያቀርብ ይችላል?